አይጧ እስክትመጣ

ባለፈው ክረምት ከ13 ዓመት በኋላ ሐዋሳ ገባሁ። ልጄን ይዤ ነው የሄድኩት። 11 ዓመቱ ነው፤ ካልጋሪ ተወልዶ እዚያው ያደገ። አማርኛ ይሰማል፣ ግን አይመልስም። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብዙ አይገፋም። ሁለቱ ምን ሊያወሩ ነው እያልኩ አውሮፕላን ላይ ሳስብ ነበር የመጣሁት።

በመጀመሪያው ቀን አሞራ ገደል ወሰድነው። ዓሣውን አየ፣ አባ ኮዳዎቹን ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ወንድሜ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ ዝም አለ።

በማግስቱ ማታ ዝናቡ አላስወጣ አለን። ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ዜማውን ገና ሲጀምር አወቅኩት። ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ! ኋላ የመጡት አይደለም፤ የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው።

እኔና ወንድሜ ያደግነው በዚህ ጌም ነው። በ1993 ዓ.ም. አካባቢ ፒያሳ አጠገብ አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹን በሰዓት ያከራዩ ነበር። ተዋጥተን የ1 ሰዓት እንከፍላለን። ጌሙም የሚሰጥህ 1 ሰዓት ነው። ሱልጣኑ ጦርነት ሄዷል፤ ጃፋር የሚባለው ክፉ ሹም ልዕልቲቱን «ወይ አግቢኝ ወይ ሙቺ» ብሎ የአሸዋ ሰዓት ገልብጦባታል። አንተ እስር ቤት ውስጥ ባዶ እጅህን ነህ። ብትሞት ደረጃውን እንደገና ትጀምራለህ፤ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። እኛ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዓት ነበር የሚቆጥረው፤ የጃፋር እና የማሰልጠኛው ጠባቂ።

ዛሬም ስጫወተው ያላረጀው ነገር ጌሙ ውስጥ የምታስሮጠው ልጅ ሰውነት ነው። ጆርዳን ሜክነር ጌሙን ሲሠራ ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ እያስሮጠና እያስዘለለ በቪዲዮ ቀረጸው። ከዚያ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከምስሉ ላይ እየተከተለ ሣለው። ስለዚህ ልጁ ሲሮጥ አቁመው ብትል ወዲያው አይቆምም፤ ትንሽ ይንሸራተታል። ገደል አፍ ላይ ሲንጠለጠል ክብደቱ የራስህ ጣት ላይ ይሰማሃል። ስክሪኑ ላይ የሚሮጠው የአንድ ሰው ታናሽ ወንድም መሆኑን ያወቅኩት ከአገር ከወጣሁ በኋላ ነው። ዜማውን የደረሰው ደግሞ አባታቸው ፍራንሲስ ነው፤ ቪየና ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ስደተኛ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያችን አጭር ዜማ ስሰማ ሆዴ ይባባል።

ሁለተኛው ነገር ጥላው ነው። ጌሙ መጀመሪያ የተሠራበት አፕል 2 ኮምፒውተር ሜሞሪው ጠባብ ስለነበር ለአዲስ ጠላት ሥዕል የሚሆን ቦታ አልተረፈም። ሜክነር ያንኑ የጌሙን ልጅ ሥዕል መልሶ ተጠቀመበት። 4ኛው ደረጃ ላይ መስታወት ጥሰህ ስትዘል ጥላህ ከውስጡ ወጥቶ በሌላ በኩል ይሮጣል። ከዚያ መድኃኒትህን ይጠጣብሃል፣ በር ይዘጋብሃል። 12ኛው ላይ ሰይፍ ይዞ ይጠብቅሃል። ስትወጋው ያንተም ደም ይቀንሳል። ስትገድለው አብረህ ትሞታለህ። እኔና ወንድሜ እዚያ ላይ ስንት ቅዳሜ እንደሞትን! አንድ ቀን ወንድሜ ሰይፉን ወደ ሰገባው መለሰ። ጥላውም መለሰ። ተጠጉና አንድ ሆኑ። ከኋላችን ቆሞ ያይ የነበረ የማናውቀው ልጅ «ገባበት! ገባበት!» ብሎ ጮኸ።

ልጄ ካልጋሪ የሚጫወታቸው ጌሞች ያምራሉ፤ አብሬው ስጫወት ደስ ይለኛል። ግን መንገዱን ሁሉ ቀስት ያሳይሃል። ይሄኛው ምንም አይነግርህም። አያታልልህምም። የላላ ድንጋይ ካለ ስትዘል ይንቀጠቀጣል፤ ዓይን ካለህ ታየዋለህ። ከወለል የሚወጡት ጦሮች መሃል ቀስ ብለህ ከሄድክ ምንም አይሉህም፤ ከሮጥክ ይገድሉሃል። ስትሞት ጥፋቱ ያንተ እንደሆነ ታውቃለህ። ደግመህ የምትሞክረውም ለዚህ ነው።

ያን ማታ ልጄ እንደለመደው እየሮጠ ገባ። ወደቀ። እንደገና ሮጠ፤ ጦር ላይ ተሰካ። ወንድሜ ምንም ሳይናገር የልጄን ትንሽ ጣት አንስቶ ሺፍት ላይ አስቀመጠለት። «ቀስ» አለው። ሺፍት ተይዞ ሲረገጥ የጌሙ ልጅ እስከ ድንጋዩ ጫፍ ድረስ ብቻ ሄዶ ይቆማል። ልጄ ጫፉ ላይ ቆመ። «አሁን ዝለል!» ዘለለ። «ያዝ! ያዝ!» ያዘ።

በእነዚያ ቀናት በሁለቱ መካከል የነበረው አማርኛ ይኸው ነው፤ ቀስ፣ ቆይ፣ ዝለል፣ ያዝ፣ ውረድ። በአራተኛው ማታ ግን ልጄ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «አጎቴ፣ ልዝለል?» አለ። እኔ ወጥ ቤት ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የመጨረሻው ማታ 8ኛው ደረጃ ላይ ደረሱ። ከፊቱ ያለው በር ዝግ ነው፤ የሚረገጠው ነገር ከበሩ ማዶ ነው። መመለሻም የለም። 17 ደቂቃ ቀርቷል። ልጄ እንደገና ሊጀምር እጁን ሲዘረጋ ወንድሜ ያዘው።

«ቆይ ማሙሽዬ። ትመጣለች።»

«ማን?»

መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ አብሮ ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማ ነበር። በነጋታው ወደ አዲስ አበባ ተነሣን።

ካልጋሪ እንደገባን ልጄ ራሱ ዶስቦክስ የሚባለውን የድሮ ጌሞች ማስኬጃ ፕሮግራም ፈልጎ ጫነ። እኔ አላገዝኩትም፤ ማን እንደምትመጣም አልነገርኩትም። ትምህርት፣ የቤት ሥራ፣ በረዶ... በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚጫወተው። በታኅሣሥ አንድ እሑድ ማታ ከክፍሉ ሮጦ ወጥቶ ስልኬን ነጠቀኝ። ሐዋሳ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። ቴሌግራም ላይ ደወለ፤ ወንድሜ በእንቅልፍ ድምፅ አነሳ።

«አጎቴ፣ መጣች!»

ወንድሜ ማን እንደመጣች አልጠየቀም።

«በሩስ?» አለው።

«ተከፈተ!»