ድምሩ ለምን ዜሮ ሆነ?

አንዲት ሃያ መስመር የማትሞላ የባሽ ስክሪፕት ሰሞኑን ሁለት ቀን ሙሉ ይዛኝ ሰነበተች። ባሽ በጽሑፍ የምንሰጠውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም፣ ማለትም ሼል ነው፤ ስክሪፕት ደግሞ ተራ በተራ የሚያስኬዳቸው ትእዛዞች ናቸው። ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ እንዳይቆም ብዬ ነው የምጽፈው።

ቢሯችን ለገሃር ነው። ሜክሲኮ፣ አራት ኪሎና ስታዲየም ያሉት ሱቆች የቀን ሽያጫቸውን በፋይል ይልኩልናል፤ አንድ መስመር፣ አንድ ደረሰኝ። ስክሪፕቷ ሁለት ሉፕ፣ ማለትም ሥራ የሚደጋግሙ ክፍሎች፣ አላት። የውጪው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያነሳል። የውስጡ ደግሞ የተነሳውን ፋይል መስመር በመስመር እያነበበ ድምሩን በያዘው ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ላይ ይጨምራል። ውጤቱን አትሜ ሒሳብ ክፍል ላሉት እትዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ዛሬ ገበያ የወጣ ሰው የለም እንዴ?» አሉኝ።

ሦስቱም ሱቅ ፊት ለፊት የተጻፈው ዜሮ ነበር።

ተመልሼ የውስጡ ሉፕ በየዙሩ ድምሩን እንዲያሳየኝ አደረግኩ። የሜክሲኮው ፋይል ላይ 1200፣ ከዚያ 2050፣ ከዚያ 2480። በትክክል እየደመረ ነው! ሉፑ ሲያልቅ ግን ዜሮ። ያኔ ጥርጣሬዬ ሉፑ ላይ ነበር፤ ሲ ወይም ጃቫ የለመደ ሰው እንደዚያ ማሰቡ አይቀርም፣ ምክንያቱም እዚያ በቅንፍ ውስጥ የተፈጠረ ቫሪያብል ከቅንፉ አይወጣም። ባሽ ላይ ግን ፎር ሉፕም ሆነ ዋይል ሉፕ የራሱ ስኮፕ (ቫሪያብሉ የሚታወቅበት ክልል) የለውም። ነገሩ የፓይፕ ነው፤ ፓይፕ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሚቀጥለው የሚያቀብል ምልክት ነው። ፋይሉን ካት በሚባለው ትእዛዝ ከፍቼ በፓይፕ ወደ ዋይል፣ ማለትም ወደ ውስጡ ሉፕ፣ እልከው ነበር፣ ባሽ ደግሞ በፓይፕ የተያያዙ ትእዛዞችን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ሰብሼል (ከዋናው ሼል የተከፈለ ሌላ ሼል) ነው የሚያስኬዳቸው። ሰብሼሉ የቫሪያብሉን ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ቅጂው ላይ ይደምራል። ሥራው ሲያልቅ ቅጂው አብሮት ይጠፋል። ዋናው ሼል ጋ ያለውን ዜሮ የነካው የለም።

ካቱንም ፓይፑንም አወጣሁና ፋይሉን ከሉፑ መዝጊያ ቀጥሎ፣ «ያንሳል» በምንለው የሒሳብ ምልክት ሰጠሁት። በቃ፣ ድምሩ መጣ። ከባሽ 4.2 ጀምሮ የፓይፑን የመጨረሻ ትእዛዝ በዋናው ሼል የሚያስኬድ ላስትፓይፕ የሚባል አማራጭም አለ፤ እኔ ግን ፓይፑን ማስወገዱን እመርጣለሁ፣ ኮዱን በኋላ የሚያነበው ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዜድሼል በሚባለው ሌላ ሼል ላይ ከሆንክ ደግሞ የፓይፑ የመጨረሻ ትእዛዝ እዚያው ዋናው ሼል ውስጥ ስለሚሄድ ችግሩ ጭራሽ ላይታይህ ይችላል።

ይሄ ሲስተካከል የተደበቀው ሌላ ስህተት ብቅ አለ። አራት ኪሎ የሸጠው 1500 ብር ነው፣ ስክሪፕቷ ግን 3980 አለች። የሜክሲኮን 2480 ደርባበታለች። ድምሩን ዜሮ የማደርገው ከውጪው ሉፕ በላይ አንዴ ብቻ ነበር፤ ቀድሞ ሰብሼሉ ሁሉን ይዞ ስለሚጠፋ አልታወቀኝም። አሁን ሁለት ቫሪያብል አለኝ። የሱቁ ድምር ከውጪው ሉፕ ገባ ብሎ በየፋይሉ ከዜሮ ይጀምራል፣ ጠቅላላው ከሉፖቹ ሁሉ በላይ ተቀምጧል።

ወረቀቱን መልሼ ወሰድኩላቸው። እትዬ ካልኩሌተራቸውን አውጥተው በእጃቸው ደመሩት። «የስታዲየም አንድ ደረሰኝ ይጎድላል» አሉ፣ ልክ ነበሩ። የዚያ ፋይል መጨረሻ መስመር ኢንተር ሳይመታበት ስለቀረ፣ መስመር የሚያነበው ትእዛዝ፣ ሪድ፣ መስመሩን አንብቦም «አልቋል» ብሎ ይመልሳል፣ ሉፑም ሳይደምረው ይወጣል። አሁን የሉፑ መስፈርት ላይ «ወይም የተነበበው መስመር ባዶ ካልሆነ» የሚል ጨምሬበታለሁ።