የመዳብ ቁጥርና የክሪስታል ቁጥር

ደሴ ውስጥ ጠመንጃ የሚያውቁ ሰዎች ከተሰበሰቡ አንድ ክርክር አይቀርም። የወታደሩ 7.62 በ51 (የእርሳሱ ውፍረትና የቀልሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር) እና የአዳኞቹ .308 ዊንቸስተር አንድ ጥይት ናቸው ወይስ ሁለት? መልካቸው የመንትያ ነው። «ሁለት ናቸው» የሚለው ወገን የሚመዝዘው ማስረጃ የታወቀ ነው፦ በቀድሞ የአሜሪካ ጦር መመሪያ የወታደሩ ጥይት ግፊት በካሬ ኢንች 50,000 ፓውንድ ተብሎ ተጽፏል፤ የ.308 ወሰን፣ ማለትም የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት፣ ግን 62,000 ነው።

ፊዚክስ አስተምራለሁና መለኪያው ያልተነገረ ቁጥር ሲጠራብኝ ደሜ ይፈላል። ያ 50,000 የመዳብ ቁጥር ነው። የጠመንጃው ጥይት መጉረሻ ጎኑ ይበሳና ፒስተን ይገባበታል፤ ከፒስተኑ በላይ ትንሽ የመዳብ ሲሊንደር ይቀመጣል። ሲተኮስ ጋዙ ፒስተኑን ይገፋል፣ መዳቡ ይጨፈለቃል፤ ምን ያህል እንዳጠረ በማይክሮሜትር ይለካል። 62,000 ግን የተገኘው በተጫኑት ልክ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ ክሪስታል ነው። መዳብ ለመጨፍለቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ የግፊቱ ጫፍ የሚቆየው ግን ከሰከንድ አንድ ሺኛ ላነሰ ጊዜ ነውና ሳይደርስበት ያልፈዋል፤ የመዳቡ ቁጥር የሚያንሰውም ለዚህ ነው። የ.308 የመዳብ ወሰን ስንት ነው? 52,000። እንግዲህ ይህንን ከ50,000 ጋር ያስተያዩት። (የመጉረሻዎቹ ርዝመት በመጠኑ መለያየቱ እውነት ነው፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።)

«እንግዲያው የመዳቡን በአንድ ቁጥር አባዝተን ወደ ክሪስታሉ እንቀይረዋ!» የሚልም አለ። አይሆንም። የ.223 ሬሚንግተን የተባለው ሌላ ጥይት የመዳብ ወሰንም 52,000 ነው፤ የክሪስታሉ ግን 55,000 ብቻ። የሁለት ገበያ ቁና እኩል ነው ብሎ እንደ መስፈር ነው።

ደላንታ የሚኖሩት አጎቴ ይህን ሁሉ አይሰሙም። የተተኮሰ ቀልሃ ገልብጠው፣ መርፌው የመታትን ክብ በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየዳበሱ «ተጠፍጥፋለች፤ ኃይለኛ ነበረች» ይላሉ።

«አያ፣ የዚያች ክብ ብረት ጥንካሬ እንደ ፋብሪካው ይለያያል እኮ» ብላቸው፣

«ወላሂ፣ አንተ ልጅ መቼ ተኩሰህ ታውቃለህ?» ብለው ዘጉኝ።

የእሳቸው ጠመንጃ ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት የገባ በልጅግ ነው፤ የሚጎርሰውም 7.92 በ57 ነው። የዚህ ጥይት የአውሮፓ ወሰን 3,900 ባር ነው፤ በካሬ ኢንች ወደ 56,500 ፓውንድ ይሆናል። አሜሪካኖቹ ግን 35,000 ላይ ያቆሙታል። እዚህ ላይ ልዩነቱን የፈጠረው መለኪያው ሳይሆን ፍርሃት ነው። በአውሮፓውያን 1888 የወጣው የጀርመን ጠመንጃ የሚተኩሰው 8.08 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ ነበር፤ ኋላ የመጣው እርሳስ 8.2 ሆነ። ወፍራሙ በጠባቡ አፈሙዝ ሲገፋ ግፊቱ ያሻቅባል። አሜሪካኖቹ አሮጌው ጠመንጃ በሰው እጅ እንዳለ ስለሚያውቁ ለሁሉም ዝቅ አደረጉት።

የአጎቴ በልጅግ የተሠራው ለወፍራሙ እርሳስ ነውና ይህ ስጋት አይመለከተውም። አሜሪካ ሠራሽ ጥይት ቢገጥማቸው ግን አንዴ ተኩሰው «ይቺ ደካማ ናት» ብለው እንደሚጥሏት እርግጠኛ ነኝ፤ በዚህስ አልከራከራቸውም።