ቀለሙ ሳይደርቅ

ጅማ ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ስለ አገሩ ሲያወራ ትንሽ ቀንሶ መስማት ይበጃል። ማሩን ያጋንናል፤ ቡናውን ያጋንናል፤ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳማ ቢሮ ውስጥ መቀመጫ አሳጣን። ሐላባ ሁለት ጊዜ ሄጄ ባለቀለም ቤቶቹን ፎቶግራፍ ማንሳቴን ሲሰማ ደግሞ እንደ ስድብ ቆጠረው። «እኛ ጋ ሳትመጣ ነው ሐላባ የሄድከው? ተራራው ላይ የንጉሥ ቤት፣ ከሥሩ እንደ ሙሽራ የተኳለ መንደር አለልህ» አለኝ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ወልቂጤ ያለውን ተኝቼ አሳለፍኩት። የጊቤ ቁልቁለት ሲጀምር ግን ሙቀቱ ራሱ ይቀሰቅሳል፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ኮታቸውን፣ ቀጥለው ሹራባቸውን አውልቀው ድልድዩን ተሻግረን አበልቲ አቀበት ላይ ስንደርስ መልሰው ደረቡት። ከሶኮሩ ወዲያ አገሩ አረንጓዴ ብቻ ሆነ። በዚያ አረንጓዴ መሀል፣ ከመንገዱ ዳር፣ የመጀመሪያዎቹን የተቀቡ ቤቶች አየሁ። ከወገብ በታች ቀይ አፈር፣ ከወገብ በላይ ነጭ አፈር፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ በጣት የተሳበ የሚመስል ጥቁር መስመር። ሹፌሩ ለእኔ ሲል አይቆምምና በመስኮት ያየሁት ይኸው ነው። አሰንዳቦን፣ ሰርቦን አልፈን ከቀትር በኋላ ጅማ ገባን።

መጀመሪያ ባልደረባዬ ስለ ተራራው የዋሸኝ መሰለኝ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ፣ በኮረብታዎች የተከበበ ጎድጓዳ ቦታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ ተራራው ዙሪያውን ቆሞ ያየዋል እንጂ ከተማው ተራራው ላይ አልወጣም። ዋናው ጎዳና ደግሞ የትም ያለ ጎዳና ነው፤ ሰማያዊ መስታወት፣ አሉሚኒየም፣ የባንክ ማስታወቂያ። ፈረንጅ አራዳ ላይ ጣሊያን የተዋቸውን ግድግዳቸው የወፈረ ቤቶች አይቼ፣ ባልደረባዬን በሆዴ እየረገምኩ ወደ መኝታዬ ሄድኩ።

በማግስቱ በባጃጅ ጅሬን ወጣሁ። ከመሀል ከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባጃጁ አቀበቱን እያቃሰተ ሲወጣ እኔም አብሬው የምገፋ እየመሰለኝ ወደ ፊት አዘንብዬ ነበር። እዚያ ያለው የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ድረስ ጅማን ገዝተዋል። ገና ልጅ እግር ሳሉ ነው የነገሡት፤ እናታቸው ጉሚቲ በብልህነታቸው የታወቁ ነበሩ። ለአጼ ምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን በራሳቸው ማስተዳደር ስለቻሉ በዙሪያቸው ያሉት መንግሥታት በጦርነት ሲፈርሱ ጅማ ሳትነካ ቆየች። አስጎብኚው ወጣት የንጉሡን ቁመት ከሁለት ሜትር በላይ ያደርሰዋል። እጁን ሽቅብ ዘርግቶ በጣቱ ጫፍ ሲያሳየን ከጎብኚዎቹ አንዱ አንገቱን ቀና አድርጎ በእውነት የቆመ ሰው እንዳለ ሁሉ ተመለከተ።

ቤቱ ያስደንቃል፤ ቀለም ፍለጋ ለመጣ ሰው ግን የሚሰጠው ጥቂት ነው። በዚያን ጊዜ እንጨቱ በዝናብና በፀሐይ ብዛት አመድ መስሎ ነበር። እጄን በበረንዳው መደገፊያ ላይ ሳሳርፍ የእንጨቱ ጅማት እንደ ሽማግሌ እጅ ጎልቶ ተሰማኝ። ከዚያው ሆኜ ቁልቁል አየሁ። ታች ያለው ሄርማታ ነው፤ በአባ ጅፋር ዘመን ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚደምቅ ገበያ ነበር። ጣሊያኖች ከተማቸውን እዚያ ገበያ ዙሪያ ሠሩ፤ የአገሩ ስም ጅማም የከተማው ስም ሆኖ ቀረ። ከላይ ሲታይ ግን ሁሉም ቆርቆሮ ነው፤ አዲሱ ያብለጨልጫል፣ አሮጌው ዝጓል። ግድግዳ አይታይም። ከዚህ ሰገነት ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ከተማዋ ምን ዓይነት ቀለም እንዳላት ዕድሜ ልኩን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል ብዬ አሰብኩና የመልሱን መንገድ በእግሬ ወረድኩ።

ያ ነው የሚበጀው። ከዋናው መንገድ ወጥቼ ወደ ሄርማታ ውስጥ ለውስጥ መንደሮች ስገባ ባልደረባዬን ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። የጭቃ ቤቶቹ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ሎሚ የመሰለ ቢጫ፣ ከጎኑ የፓፓያ ቀለም፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ደግሞ በሩ ብቻ ቀይ የሆነ ነጭ ቤት። ቀስ ብዬ ሳይ ሕግ ያለው ነገር መሆኑን አስተዋልኩ። የሁሉም ግርጌ፣ ግንበኞች ዞኮሎ የሚሉት፣ እስከ ጉልበት ድረስ ጠይም ወይም ደማቅ ቡናማ ነው። የጅማ ዝናብ ከጣራ ላይ ወርዶ ቀዩን መሬት ሲመታ የሚፈናጠረው ጭቃ የሚደርሰው እስከዚያ ነው። ዘይት ቀለም ያረፈው በርና መስኮት ላይ ብቻ ነው፤ ዋጋው አይቀመስማ። ግድግዳው የሚኳለው ዱቄት ቀለም በተበጠበጠበት ኖራ ነው።

ይህን ያስረዱኝ አንዲት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው። ለሴት ልጃቸው ኒካ ቤታቸውን እያስቀቡ ነበር። ፎቶግራፍ ማንሳት እችል እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሳያልቅ? ፀጉሯን ሳትሠራ ሴት ታነሳለህ?» አሉና ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ሰው ብዛት መሀሉን አልፍቶት እንደ ድስት ክዳን ያበራል።

ኖራው ካደረ በኋላ በበርሜል ተቀምጧል። እሳቸው ከጓዳ አንድ እፍኝ ጨው ይዘው መጥተው በተኑበትና በእንጨት አማሰሉት። «ጨው ካልገባበት የተደገፈው ሁሉ ልብስ ላይ ይወጣል። የሰርግ እንግዳ ነጭ ትከሻ ይዞ ሲሄድ ደስ ይላል?» ቀለም ቀቢው ወጣት በከሰል የተለወሰ ገመድ ወጥሮ ጠብ አድርጎ ሲለቀው ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ቀረ። መስመሩ የግርጌውን ልክ ለማሳየት ብቻ አልነበረም። ቤቱ ከጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ሁለተኛ መስመር ከላይ እስከ ታች ተመቶ የእሳቸውን ሰማያዊ ከጎረቤቱ ቢጫ ለየ። መስመሩ የአንድ መስኮት መቃን መሀል ላይ አረፈ። ጎረቤትየው ወጥተው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ለኩና «ጣት የምታክል ወደ እኔ መጣሽ» አሉ። ገመዱ ተነስቶ እንደገና ተመታ። ማንም አልተቆጣም፤ ግን ማንም ያቺን ጣት አልተወም።

ሙሽራዋ ክሬም ቀለም ነበር የፈለገችው፤ በስልኳ የሳሎን ፎቶግራፍ አሳየችኝ። እናትየው ለእኔ እንደ ዳኛ አቤት አሉ፦ «ክሬም እኮ የጭቃ ዘመድ ነው። ጭቃውን ለመሸፈን ገንዘብ አውጥቼ መልሼ ጭቃ ልቀባ?» ልጅቱ ሳቀች፣ እኔ ዝም አልኩ። ስምምነታቸው ቀድሞ አልቆ ኖሯል፤ ውስጡ ክሬም፣ ፊቱ ሰማያዊ።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሰማዩ ጠቆረ። መስከረም አልቆ እንኳ የዚህ አገር ዝናብ ዋስትና የለውም። ሰማያዊው ገና እርጥብ ነው፤ ጣራው ደግሞ አንድ ክንድ እንኳ ወደ ውጭ አልወጣም። ቀቢው መሰላሉን ይዞ ሮጠ። እናትየው ከጓዳ የቡና ማዳበሪያዎች ጎትተው አወጡ፤ ልጅቱ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ ጎረቤትየው ሌላውን፣ ለእኔም አንድ ጥግ ደረሰኝ። እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን ማዳበሪያውን ከግድግዳው ፊት እንደ መጋረጃ ወጠርነው። ዝናቡ ወረደ። ቀዩ ጭቃ ሱሪዬ ላይ እስከ ጉልበቴ ድረስ እየተፈናጠረ ነው። «አንተ ዞኮሎ የለህም» አሉኝ እናትየው።

ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ሲኒዬን በበሩ በኩል አመጡልኝ። ሁለት እጄ ማዳበሪያ ይዟልና ራሳቸው አጠጡኝ።