ግማሽ ኪሎ በእጅ ይዞ ወክ

ጠዋት ወክ ከሚያደርጉት ውስጥ ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ትንሽ ክብደት) የሚይዙት በርከት ብለዋል። ብዙዎቹ ግን እጃቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። ይሄ ዘንቢል ይዞ ከገበያ ከመመለስ አይለይም፤ ትከሻን ያዝላል እንጂ ለልብና ለትንፋሽ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥራው ያለው እጅ ሲወዛወዝ ነው።

ክርን ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍና እንቅስቃሴው ከትከሻ ይነሳል። ወደ ፊት ሲመጣ ቡጢው ደረት ጋ ይደርሳል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ዳሌ ጋ ይቆማል። እጅ የደረትን መሃል አልፎ ወደ ሌላው ጎን ከተሻገረ ወገብ አብሮ ይጠማዘዛል። ክብደቱን መወርወርም አያስፈልግም፤ የተወረወረውን መልሶ የሚያቆመው ክርንና ትከሻ ስለሆነ ሕመሙም እዚያው ይጀምራል።

ለጀማሪ በእያንዳንዱ እጅ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ለዚህ ደግሞ ዳምቤል መግዛት የለም፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሲሞላ ያንን ያህል ይመዝናል። ግን እስከ አፉ ይሞላ። ጎዶሎ ከሆነ ውሃው በየእርምጃው እየተንቦጫረቀ የእጅ አንጓን ይነቀንቃል። በደረቅ አሸዋ ከተሞላ ወደ 800 ግራም ይጠጋል፣ ይሄ ቀጣዩ ደረጃ ነው። ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሆነውን ይዞ መራመድ ግን አይታየኝም። ጡንቻ የፈለገ ሰው ቆሞ ቢያነሳ ይሻለዋል።

አያያዙ ላላ ይበል። ጥብቅ አድርጎ መጨበጥ ክንድን እረፍት ይነሳዋል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይጀምር ነው የሚሻለው። የክርን ውጪኛው ጎን መጠዝጠዝ ከጀመረ ክብደቱን ለጥቂት ቀን ማስቀመጥ ነው።

ከ30 ደቂቃ ጉዞ ውስጥ መጀመሪያ የመሃሉን 10 ደቂቃ ብቻ መያዝ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ መጨመር። ክብደት የሚጨመረው ደቂቃው ከሞላ በኋላ ነው። ትከሻ ወደ ጆሮ መውጣት ከጀመረ ወይም እርምጃ ከዘገመ ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው፤ በእጅ የተገኘው በእግር ጠፋ፣ ምን ዋጋ አለው?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዱባይም ሆነ ከዋሽንግተን የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በባዶ እጁ ቢራመድ ይበጀዋል፤ የሳሳው አየር ራሱ ይበቃዋል። የተነቃቀለ ኮብልስቶንና የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይም እንዲሁ ባዶ እጅ ነው የሚመረጠው። የተያዘ እጅ ሰው ሲደናቀፍ ቶሎ አይደርስለትም።

ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረውን ክብደት እኔ ጨርሶ አልመክርም። አረማመድን ይለውጣል፣ ጉልበትና ዳሌንም ይጎትታል። ሸክም መጨመር የፈለገ ሰው ሁለት ሦስት ኪሎ በጀርባ ቦርሳ፣ ማንገቻውን አጥብቆ፣ ወደ ጀርባው አስጠግቶ ይያዝ።