በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ደኅንነትና ሥርዓት ያስከበርንበት መንገድ

የሐዋሳ ሐይቅን ዳርቻ በከፊል የሚጠብቁ ወጣቶችን እንዳስተባብር ኃላፊነት ሲሰጠኝ፣ ነዋሪውም ነጋዴውም የሚያቀርብልኝ አቤቱታ አንድ ዓይነት ነበር፤ «እነዚህን ጎረምሶች ከዚህ አስወጡልን» የሚል። በዛፍ ጥላ ሥር ጫት የሚቅሙ፣ ጠርሙስ ሰብረው የሚሄዱ፣ ሴቶችን የሚለክፉ፣ እንግዳ ባዩ ቁጥር «ጀልባ፣ ጀልባ» እያሉ እጅ የሚጎትቱ ልጆች ሕዝቡን አስመርረውት ስለነበር አቤቱታው ተገቢ ነበር። ሆኖም የሰውን ሕይወት በቀጥታ የሚያሠጉት መስጠም፣ ጉማሬና ከልክ በላይ የተጫነ ጀልባ ነበሩ፤ ለእነዚህ የተመደበ ጠባቂ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሥራችንን የጀመርነው አደጋውን ከነውሩ በመለየት ነው።

በመጀመሪያ አንድ መዝገብ ከፈትን። ተረኛው ሁሉ ጠብም ሆነ ስርቆት፣ ውኃ ውስጥ የተቸገረ ዋናተኛም ሆነ የጠፋ ሕፃን፣ ያየውን ከነሰዓቱና ከነቦታው እንዲጽፍ አደረግን። መዝገቡ ጥቂት ሳምንታት ሲያስቆጥር፣ ችግሩ ዳርቻውን በሙሉ የሸፈነ ሳይሆን በጥቂት ጨለማ ጥጎች፣ ያውም ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚከማች መሆኑን ለማየት ቻልን። የጥበቃው ኃይል ግን የሚበዛው ጠዋት፣ የሚያንሰው ደግሞ ሲመሽ ስለነበር ፈረቃውን ገለበጥነው። ከወሰድናቸው እርምጃዎች ሁሉ ወጪ ያልጠየቀውና ቶሎ ፍሬ ያፈራው ይህ ይመስለኛል።

ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ያሳልፍና ሲመሽ ሣር ሊግጥ በለመደው መንገድ ወደ የብስ ይወጣል፤ በእርሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው ትልቅ አደጋ ላይ ነው። ሕዝቡ በነፋሻው አየር ሊናፈስ የሚመጣውም በዚያው ሰዓት በመሆኑ፣ የጉማሬዎቹን መውጫዎች በአማርኛና በሲዳሙ አፎ በተጻፉ ሰሌዳዎች አመለከትን፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም በእነዚያ ቦታዎች ማንም እንዳይቀመጥ አደረግን። ሰሌዳ ብቻውን ግን ሰው አይመልስም። አንድ ምሽት አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ ስልኩን ወደ ውኃው አነጣጥሮ ፊላው ድረስ ተጠጋ። ተረኛዋ ጠባቂ አልጮኸችበትም፤ በጎኑ ቀርባ «ጋሼ፣ ፎቶውን እኔ ላንሣልዎት፤ ከዛፉ ሥር ቢሆኑ ይሻላል» አለችውና ወደ ኋላ ከመለሰችው በኋላ፣ ጭቃው ላይ የታተመውን ሰፊ ኮቴ አሳየችው። ሰውየው ልጁን ከትከሻው አውርዶ እጁን አጥብቆ ያዘ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጠባቂ ስናሠለጥን መጀመሪያ የምናስተምረው አነጋገር ነው።

የጀልባው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ወሰደብን። ተሳፋሪ የሚጎትቱትን ልጆች ማባረር በሌላ በር እንዲመለሱ ከማድረግ ያለፈ ውጤት አልነበረውም። በአንድ ተሳፋሪ ሰበብ ሁለት ወገኖች እስከ መፈነካከት ሲደርሱ፣ በሲዳማ የተከበረውን የሶንጎ ሽምግልና ለመንን። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱን ሳያቋርጡ አደመጡ፤ አንዱ በሌላው ንግግር ሊገባ ሲሞክር አንድ አዛውንት እጃቸውን ብቻ ከፍ አድርገው ዝም አሰኙት። በመጨረሻ ጀልባዎቹ በተራ እንዲጭኑ፣ ልጆቹ ራሳቸው ተራ አስከባሪዎች ሆነው ከገቢው ድርሻ እንዲያገኙ፣ ተሳፋሪውን የሕይወት አድን ጃኬት ሳያለብስ የተንቀሳቀሰ ደግሞ የዕለቱን ተራ እንዲያጣ ተስማሙ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በርትቶ ሐይቁ ሲናወጥ ጉዞ እንዲቆም የሚለው ደንብም በዚያው ጸደቀ። እኛ ብንደነግገው ኖሮ ቅጣት ብቻ ይሆን የነበረው ነገር፣ በሽማግሌ ፊት የገቡት ቃል ስለሆነ ከበዳቸው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ለሽምግልና ይቅረብ የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሴትን መተናኮል፣ ስለት መምዘዝና ዝርፊያ በእርቅ የሚሸፈኑ ነገሮች ስላልሆኑ፣ እነዚህን በቀጥታ ለፖሊስ እናስተላልፋለን። ሴት ጠባቂዎችን በምሽት ፈረቃ ከመደብን በኋላ ብዙ ሴቶች ቀደም ሲል ዋጥ አድርገው ያልፉት የነበረውን በደል መናገር ጀምረዋል፤ በእኔ እምነት ይህ ከሰሌዳውም ከደንቡም ይበልጣል።

ቡና የሚያፈሉትንና ቆሎ የሚሸጡትን እናቶች ማሳደድም ተውን። ይልቁንም በመዝገቡ ላይ ደጋግመው በሚነሡት ጨለማ ጥጎች አጠገብ ቋሚ ቦታ ሰጠናቸው፤ ፋኖስና ደንበኛ ባለበት ሌባ አይመቸውም፤ የጠፋ ሕፃንም ቀድሞ የሚገኘው ከእነርሱ ዘንድ ነው።

በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የዓሣው ሆድ ዕቃ በየቦታው ሲጣል አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በሕፃናት መካከል ይጋፋሉ፤ ጦጣዎቹም ጎብኚ ስለሚያጎርሳቸው ምግብ መንጠቅ ለምደዋል። ትርፍራፊው የሚጠራቀምበትን ቦታ ከመተላለፊያው ማራቅ ትንፋሽ ሰጥቶናል።

በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ጉዱማሌ በተባለው የከተማው አደባባይ ሲከበር ደግሞ ሕዝቡ ወደ ሐይቁ ስለሚጎርፍ ጀልባዎችን ቀደም ብለን እናቆማለን፤ ከባህል አባቶቹም ጋር የመግቢያና የመውጫ መንገዶችን አስቀድመን እንለያለን።

ያልተፈታው የመስጠም አደጋ ነው። የዋና ችሎታ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ ነገር ግን የተደናገጠ ሰው አዳኙንም ይዞ ሊሰጥም ስለሚችል ዋና ማወቅ ብቻ አይበቃም። አሁን የምንሠራው ገመድና ተንሳፋፊ ጎማ በየመቶ ሜትሩ ተሰቅለው እንዲቀመጡ፣ ዓሣ አጥማጆቹም የነፍስ አድን ሥልጠና እንዲያገኙና ለተጠባባቂነታቸው አበል እንዲታሰብላቸው ነው።