የመጀመሪያው ንክኪ፦ በሰም ላይ ጊር ማንከባለል

ቀን ኮምቦልቻ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ እሠራለሁ፤ ማታ ደሴ ስገባ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ያልለቀቀኝ አንድ ሐሳብ አለ፦ የጊርን (የባለጥርስ መዘውርን) ጥርስ ሳይቆርጡ፣ በክብ ዳይ፣ ማለትም ራሱ ጥርስ ባለው ክብ ቅርጽ ማውጫ፣ እየተጫኑ ማውጣት። ፍሬዛ (በሚዞር ስለት የሚቆርጥ ማሽን) በጥርሶቹ መካከል ያለውን ብረት ፈልፍሎ ይጥለዋል። ማንከባለል ግን ያንኑ ብረት ከስር ገፍቶ ወደ ጥርሱ አናት ያወጣዋል። ፍቅፋቂ የለም፣ የብረቱ ጅማት አይበጠስም፣ ገጹም ይጠነክራል። የብሎን ጥርስ በፋብሪካ በብዛት የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ብረት የሚጫን ማሽን ስለሌለኝ ከሰኞ ገበያ የንብ ሰም ገዛሁ፤ ዳዮቹን ከአሉሚኒየም አወጣሁ፣ በኩሽኔታ አስቀምጬም በእጅ አዞራቸዋለሁ። ጧት በደሴ ብርድ ሰሙ ይሰነጠቃል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ስሞክረው እንደ ሊጥ ይታዘዛል።

የመረጥኩት ሞጁል 4፣ 20 ጥርስ ነው፤ ሞጁል ማለት ጊሩ ከዳዩ ጋር ሳይንሸራተት የሚዞርበት ክብ ስፋት (ዲያሜትር) በጥርሶቹ ቁጥር ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ የዚህ ክብ ስፋት 80 ሚሊሜትር ነው። የዳዩ ጥርስ 40፣ ክቡ 160። ነገር ግን የዳዩ ጥርስ የጊሩን ስር ለማውጣት ከክቡ 5 ሚሊሜትር አልፎ መውጣት አለበት፤ የውጭ ስፋቱ 170 ይሆናል። ጥርስ ያልወጣበት ሰም ስፋቱ የሚገኘው ከይዘት ነው፦ ከስር የሚገፋውና ወደ አናት የሚወጣው እኩል መሆን አለባቸው። አስልቼ 79.4 አገኘሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሰሙን ፈጨው። የኢንቮሉቱን (የጥርሱን ጎን ቅርጽ የሚሰጠውን ቆልማማ) መስመር ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሁለት ሳምንት ደጋግሜ ሣልኩት። መስመሩ ልክ ነበር። በመጨረሻ አንድ ዙር ብቻ አዙሬ ምልክቶቹን ቆጠርኩ፤ 18 ሆነው ቀሪው ክፍተት ለአንድ ሙሉ ጥርስ አይበቃም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሰሙን መጀመሪያ የሚነካው የዳዩ አናት ነው፤ በአናቱ ላይ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 13.35 ሚሊሜትር ነው። የሰሙ ዙሪያ 249.4 ነው። ሲካፈል 18.7 እንጂ 20 አይሆንም። ሁለተኛው ዙር በመጀመሪያው ምልክት ላይ ሳይሆን መካከሉ ላይ ያርፍና ሁሉን ያበላሻል።

እኔ የነደፍኩት ላለቀው ጥርስ ነበር፤ መንደፍ የነበረብኝ ለመጀመሪያው ንክኪም ጭምር ነው። አሁን ሦስት ዳዮች አሉኝ፤ ሁሉም 40 ጥርስ፣ የውጭ ስፋታቸው 159፣ 164 እና 170። አጭሩ በሰሙ ላይ 19.97 ይሰጣል። የቀረችውን ሰሙ ራሱ ይሸከማታል፤ ሁለተኛው ዙር በመጀመሪያው ምልክት ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ በእጄ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ዳዮች የተቆፈረላቸውን መንገድ ይዘው ይወርዳሉ። የዳዩንና የሰሙን ዘንጎች በሌላ ጊር አስሮ በግድ እኩል ማዞርም ይቻላል፤ ያኔ ግን አናቱ መጀመሪያ ላይ ሰባት በመቶ ያህል እየተንሸራተተ ይፍቃል፤ ለብረት ዳይ አልመኘውም።

ሌላው ያስገረመኝ የጥርሱ ሁለት ጎኖች ነገር ነው። በሰሙ ጠፍጣፋ ጫፍ ላይ በመርፌ ክቦች አስምሬ ጥላሸት ሞላሁባቸው። ካንከባለልኩ በኋላ በአንዱ ጎን መስመሮቹ ወደ አናት ተስበዋል፣ በሌላው ወደ ስር ተገፍተዋል፤ አናቱም መካከሉ ጎድጉዶ ሁለት ቀንድ አውጥቷል፣ አንዱ ቀንድ ከሌላው ይረዝማል። በየሁለት ዙሩ አቅጣጫ ስቀይር ቀንዶቹ እኩል ሆኑ፤ ጉድጓዱ ግን አልጠፋም።

ቀጥሎ በእርሳስ ብረት እሞክራለሁ። 79.4ቱን ዘንግ ትናንት ቶርኖ ላይ አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ።