«ምነው፣ ታክሲ ጠፋ?»

ዛሬም በእግሬ ቢሮ ገባሁ። ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ቁልቁለት ስለሆነ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። በር ላይ የሥራ ባልደረባዬ አገኘችኝና «ምነው፣ ታክሲ ጠፋ?» አለችኝ።

«ኧረ አልጠፋም፤ መሄድ አምሮኝ ነው» አልኳት።

ያመነችኝ አልመሰለኝም። «አይዞህ» ብላኝ አለፈች።

ያቺ «አይዞህ» ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣችም። የአዲስ አበባ ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ሆኖም በእግሩ የመጣ ሰው ሁሉ ያጣ ይመስለናል። ልጆች ሳለን ዘመድ ቤት ልንደርስ ስንል እናታችን ታስቆመንና ጫማችንን በጨርቅ ትወለውልልን ነበር። አቧራው በእግር መምጣታችንን እንዳይናገርብን ነው። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ያን ያህል መንገድ በእግራችን መጥተን ምን አሳፈረን?

በዚህ መንገድ ለዓመታት በሚኒባስ ተመላልሻለሁ። የማየው ግን የፊት ለፊቴን ሰው ትከሻ ነበር። በእግሬ መሄድ ስጀምር ነው ከሂልተን ወረድ ብሎ ያለውን አፍሪካ አዳራሽ ቆም ብዬ ያየሁት። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው።

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል። ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲሄዱ አየሁ። ልጁ ከፊት ከፊት ይሮጣል። እጁን አልያዙትም! ድሮ በዚህ ከተማ መንገድ ላይ የልጅ እጅ መልቀቅ የማይታሰብ ነበር።

ሳይክል ያስለመደኝ ደግሞ «መንገድ ለሰው» ነው። በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ አስፋልቱ ለመኪና ሲዘጋ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ሚዛን መጠበቅ ተማርኩ። አሁን የራሴ ሳይክል አለችኝ። ስወርድ ደስ ይላል። ስመለስ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናትና ቤተ መንግሥቱ ጋ ስደርስ ወርጄ እገፋለሁ። ገረመው ደንቦባን አስባለሁ። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ በጎዳና ብስክሌት ተወዳድረዋል። ሳይክል ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ሄዶ ማየት ይበቃል።

ለኔ ዳገቱ አይደለም ችግሩ። ማቆሚያ ነው። የቢሯችን ግቢ ውስጥ መኪና ተደርድሮ ይውላል፤ ሳይክሌን ግን ሁለት ጊዜ ከበር መልሰዋታል። የሳይክል መስመር ተሠርቶ መድረሻው ላይ ማሰሪያ ብረት ከሌለ ሰው እንዴት ብሎ ይምጣ?

ማታ ስወጣ ጥበቃውን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ከጀነሬተሩ ጀርባ ያለችው ጥግ ባዶ ናት አይደል?»

ዞር ብለው አዩዋት። «ሰንሰለት አለህ?»

«አለኝ።»

«በል ነገ በጠዋት አምጣት፣ ልጄ። መኪናዎቹ ሳይገቡ።»